አባቴ ከጫማ ጋር የተቀመጠበት ገና

በገና ሰሞን ስለ ትሕትና ሲሰበክ ደሜ ይፈላል። ስብከቱን ጠልቼ አይደለም፤ የጌታን በግርግም መወለድ የሚጠላ ክርስቲያን የለም። ነገር ግን ሰባኪው በድምፅ ማጉያ «ዝቅ እንበል ወገኖቼ» ሲል፣ ከፊት ወንበር የተቀመጥነው ሁላችን ደግሞ «አሜን» እያልን ራሳችንን ስንነቀንቅ፣ ዝቅ ማለት እንዴት ቀላል ነገር እንደ ሆነብን አያለሁና እናደዳለሁ። ጥቂት ዝቅ ብለን እንቆይና ተነሥተን ወደየዶሯችን እንሄዳለን። ልጆቼ ያሾፉብኛል። «እማዬ ዛሬም ከሰባኪው ጋር ተጣላች» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

እኔ በሕይወቴ አንድ ዝቅ ያለ ሰው አይቻለሁ፤ እሱም አባቴ ነው። ለማየት ደስ የሚል ነገር አልነበረም። ያየሁት በደርግ ጊዜ፣ መካኒሳ በነበረው ቤታችን ውስጥ፣ በበሩ ጥግ በሰው ጫማ መሃል ተቀምጦ ነው። እስካሁን ገና በመጣ ቁጥር ሆዴን የሚያባባኝ ይኸው ነው።

ሲፈጥረው ግን ትሑት ሰው አልነበረም። በወጣትነቱ ከወላይታ መጥቶ ነፋስ ስልክ መንገድ ላይ ካለ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀጠረ፤ እዚያው አረጀ። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ሳይቀር የሚቆልፍ፣ ጫማው ላይ አቧራ ማየት የማይወድ ሰው ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ድምፅ ነበረው። ጸሎት ቤታችን ሳይዘጋ በፊት መዝሙር የሚመራው እሱ ነበር፤ ሲዘምር ከሩቅ ሰፈር ድረስ የሚመጡ ሰዎች መስኮቱ ሥር ቆመው ያዳምጡታል። እሱም ይህን በደንብ ያውቅ ነበር። ከአምልኮ በኋላ ሰው ከብቦ «ዛሬስ ጌታ ተጠቀመብህ» ሲለው «ክብሩ ለእሱ ይሁን» ብሎ ይመልሳል፤ ፊቱ ግን ከክብሩ ጥቂቱን ለራሱ ያስቀረ ሰው ፊት ነው። እናቴ ወደ ቤት ስንመለስ ትቀልድበታለች። «ክብሩን ለጌታ ስትሰጥ ጥቂት ቢጤ ኪስህ ውስጥ የቀረች መሰለኝ» ትለዋለች። እሱም ይስቃል እንጂ አይክድም።

ከዚያ ጸሎት ቤታችን ተዘጋ። አንድ ቀን የቀበሌ ሰዎች መጥተው በሩን አሸጉት፤ ቆይቶም አግዳሚ ወንበሮቹ ወጥተው የእህል መጋዘን ሆነ። «ጴንጤ» እና «መጤ ሃይማኖት» የምንባለው እኛ በየቤቱ መሰብሰብ ጀመርን። መሰብሰብ ክልክል ስለ ነበር አንድም ሁለትም እየሆንን፣ መጽሐፍ ቅዱሳችንን ዘንቢል ውስጥ ከጎመን ሥር ደብቀን፣ ከገበያ እንደሚመለስ ሰው እንገባለን። ብዙውን ጊዜ የምንሰበሰበው እኛ ቤት ነበር፤ ከመንገድ ገባ ያለና ባሕር ዛፍ የከለለው ቤት ነው። ችግሩ ወለሉ ነበር። ጣውላ ስለ ነበር ሰው በጫማ ሲረግጠው ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ስለዚህ የሚመጣ ሁሉ በሩ ላይ ጫማውን ያወልቃል። የወለቀው ጫማ ደግሞ ውጭ መታየት የለበትም፤ በአንድ ደጃፍ ላይ ያን ሁሉ ጫማ ያየ አብዮት ጠባቂ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም። ስለዚህ ጫማው እየተነሣ በሩ አጠገብ ካለው መጋረጃ ኋላ ይገባ ነበር።

መዝሙሩም በሹክሹክታ ሆነ። እናቴ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጋ ትከፍታለች፤ ሬዲዮኑ ስለ አብዮቱ ሲዘፍን እኛ ከሥሩ ስለ ጌታ እንዘምራለን። እናጨበጭባለንም፤ መዳፍ ከመዳፍ ግን አይነካም። ከሁሉ የተቸገረው አባቴ ነበር። ሹክሹክታ አይሆንለትም። ሁለት ስንኝ እንደ ዘለቀ ራሱን ይረሳና ድምፁ ከሬዲዮኑ በላይ ይወጣል፤ ይኼኔ እናቴ ጭኑን ትቆነጥጠዋለች። መዝሙር ባለቀ ቁጥር ጭኑን ሲያሻሽ የልብ ጓደኛው ይስቅበታል።

ይህ ጓደኛው ልብስ ሰፊ ነበር። የአባቴ አገር ልጅ ነው፤ በዕድሜ ግን ያንሰዋል። ዝምተኛ፣ ቀጭን፣ ከአፉ መርፌ የማይጠፋ ሰው ነበር። ከሚስቱ ጋር ከእኛ ቤት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ላይ ይኖሩ ነበር። ልጅ አልወለዱም። ሚስቱ አባቴን «ጋሼ» ትለው ነበር፤ ወንድሜንና እኔን ደግሞ እንደ ልጆቿ ነበር የምታየን። ለበዓል የምንለብሰውን ልብስ ሁሉ የሰፋልን ባሏ ነው።

የቀበሌ ስብሰባ ሆን ተብሎ እሑድ ጠዋት ይደረግ ነበር። መቅረት አይቻልም። በስብሰባው መክፈቻና መዝጊያ ሁሉም ተነሥቶ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ በማንሣት «ከሁሉም በላይ አብዮቱ» ይላል። ለሌላው ሰው ምንም አልነበረም፤ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለእኛ ግን ከሁሉም በላይ ያለው አንድ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰዎች እጃቸውን ወደ ታች አድርገው ይቆማሉ። ለረጅም ጊዜ ከኋላ በመቆም አመለጥን። አንድ እሑድ ግን አንድ ካድሬ ከኋላ ዞሮ መጣና አባቴንና ልብስ ሰፊውን እጃቸውን ወደ ታች እንዳደረጉ አገኛቸው። ሁለቱንም ወሰዷቸው።

የታሰሩት ቀበሌው ውስጥ፣ ቀድሞ የአንድ ሀብታም ሰው መኪና ማሳደሪያ በነበረ ክፍል ነው። እናቴና የልብስ ሰፊው ሚስት ምግብ ይዘው አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይመለሳሉ። ብሔራዊ ውትድርና በታወጀ ሰሞን ነበር፤ ወንድሜም ዕድሜው ደርሶ ነበር። ካድሬው አባቴን ለብቻው አስጠርቶ «እጅህን ብታነሣ ልጅህ ትምህርቱን ይጨርሳል፤ ባታነሣ በዚህኛው ዙር ወደ ጦር ግንባር ይሄዳል» አለው። ይህን አባቴ ራሱ በምግብ ማቀበያው ቀዳዳ ለእናቴ ነግሯት እሷ ለእኛ ነገረችን። ወንድሜ ያን ቀን ወጥቶ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጦ ዋለ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሁለቱን ከሕዝቡ ፊት አቆሟቸው። እኔም እናቴ አጠገብ ነበርኩ። ካድሬው «ጓዶች ተጸጽተው እንደሆነ እንስማቸው» አለ። ልብስ ሰፊው እጆቹን ወደ ታች እንዳደረገ መሬት መሬት ያያል። አባቴ ግራ እጁን አነሣ። ቀስ ብሎ ነው ያነሣው፤ ከባድ ዕቃ እንደሚያነሣ ሰው። ከዚያም ተናገረው። ባይሆን እንኳ በሹክሹክታ ቢለው ምን ነበረበት እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ግን ሹክሹክታ አይሆንለትም፤ በዚያ በመዝሙር ድምፁ አለው፣ አዳራሹም አስተጋባው። ሕዝቡ አጨበጨበ። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

አባቴ ያን ቀን ተፈታ። ልብስ ሰፊው ጥቂት ቀን እዚያው ቆይቶ፣ ከከተማው ማዶ ወዳለ ትልቅ እስር ቤት ተወሰደ። ካድሬው ቃሉን ጠበቀ ማለት ይቻላል፤ ወንድሜን አልወሰዱትም። የእኛ ልጅ እቤት ቀረ፣ የእሷ ባል ሄደ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ማንም ሊያስተካክለው አልቻለም።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቻችን ተሰበሰቡ። የተሰበሰቡት በእኛው ቤት፣ በእኛው ወንበር ላይ ነው፤ እናቴም በገዛ እጇ ውኃ አቅርባላቸዋለች። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ሽማግሌ ነበር የተናገረው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እያለቀሰ ነው የተናገረው። ወንድሞች በየእስር ቤቱ እየተሰቃዩ ይህን ዝም ብሎ ማለፍ እንደማይቻል ገልጾ፣ አባቴ ከጌታ እራት እንዲታገድ፣ መዝሙርም እንዳይመራ መወሰናቸውን ነገረው። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። «ስለ ልጄ ብዬ ነው» እንኳ አላለም። እነሱም ያውቁታል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

በጸሎት ቤታችን ልማድ የታገደ ሰው የሚቀመጠው በመጨረሻው ወንበር ላይ ነው። ሁሉም ያየዋል፤ የጌታ እራት ሲታደል ሳህኑ ያልፈዋል። እኛ ቤት ግን የኋላ ወንበር የሚባል ነገር የለም። አንዲት ክፍል ናት፤ ሰው ወለሉ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ነው የሚቀመጠው። አባቴ ቦታውን ራሱ ፈለገ። በሚቀጥለው ጉባኤ ተነሥቶ በሩ ጥግ፣ ጫማ የሚቀመጥበት መጋረጃ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። እናቴ የዚያን ዕለት ሁሉም ከሄዱ በኋላ ተቆጣች።

«በገዛ ቤትህ እንደ ለማኝ በር ላይ?» አለችው። «ከፈለጉ ሌላ ቤት ይሰብሰቡ። ለምን እዚህ ይመጣሉ?»

«ቤቱ የእኔ ነው» አላት አባቴ። «ማዕዱ ግን የእኔ አይደለም።»

ከዚያ ወዲያ ጫማ ማስቀመጥ የእሱ ሥራ ሆነ። የሚመጣ ሰው በሩን በስሱ ሲነካ ይከፍታል፤ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ይቀበላል፤ በእርጥብ ጨርቅ አቧራውን ይጠርጋል፤ መጋረጃው ኋላ በየተራው ይደረድራል። ጉባኤው ሲያልቅ ሁለት ሁለት ሰው ነው የሚወጣው፤ የማን የትኛው እንደ ሆነ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ያን ጊዜ የሰው ሁሉ ጫማ ያሳዝናል። ሶሉ የተሰነጠቀ ኮንጎ፣ ጣት የበሳው ሸራ። የትልቁ ሽማግሌ ቆዳ ጫማ ተረከዙ በአንድ ወገን አልቆ ነበር። አባቴ አንድ ቀን ከፋብሪካ ቁራጭ ላስቲክ አምጥቶ ሽማግሌው ሲጸልይ ተረከዙን አስተካክሎ ጠበቀው። ሽማግሌው ሲወጣ አጥልቆት ቆም አለ፤ አባቴን አየውና ሄደ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ይህ ሁሉ አንጀቴን ያሳርረው ነበር። ድምፁን የሚያህል ድምፅ በሰፈሩ የሌለው አባቴ ጫማ ጠራጊ መሆኑ አልዋጥልሽ አለኝ። ለመጣው ሰው ሁሉ ክፉ ፊት አሳይ ነበር። ማንም ልብ አላለኝም።

የልብስ ሰፊው ሚስት ጫማዋን አትሰጠውም ነበር። ጉባኤ ሳትቀር ትመጣለች፤ አባቴ በሩን ይከፍትላታል፣ ጎንበስ ብሎ እጁን ይዘረጋል፤ እሷ ግን አታየውም። ጫማዋን ራሷ አውልቃ ይዛ ትገባና ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ጸሎቱ እስኪያልቅ፣ ስብከቱ እስኪያልቅ ሁለቱን ኮንጎ ጫማ እቅፍ አድርጋ። «ጋሼ» ማለቱንም ተወች። ሁሉም ያያል፣ ሁሉም ዝም ይላል። አባቴም በመጣች ቁጥር እጁን ይዘረጋል። አንድም ቀን ሳይዘረጋ የቀረበትን አላስታውስም።

በዚያ ዓመት ገና ቀበሌው ጠዋቱን የጽዳት ዘመቻ ብሎ ስለ ወሰደው ከሰዓት በኋላ ተሰበሰብን። ገና ለእኛ ደኅና ቀን ነበር፤ ዘመድ ዘመዱን የሚጠይቅበት ቀን ስለ ሆነ በየቤቱ ሰው ሲገባና ሲወጣ ማንም አይጠራጠርም። ትልቁ ሽማግሌ ስለ ግርግሙ ሰበከ። ጌታ ማደሪያ አጥቶ ከብቶች ባሉበት ተወለደ፣ እኛም ዝቅ ልንል ይገባናል አለ። ድሮ ገና በመጣ ቁጥር ስለ ግርግም የሚያወራልን አባቴ ነበር። እሱ ተወልዶ ያደገበት ቤት ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድርበት ነው። «ሰው የግርግምን ሽታ ቢያውቅ ገና ላይ እንዲህ አይፈነድቅም ነበር» ይለን ነበር። «ሌሊት ላሚቱ ስትሸና ፊትህ ላይ ይረጫል። እዚያ ውስጥ ነው ጌታ የመጣው።» ያን ቀን ግን ምንም አላለም። ዳቦውና የዘቢቡ ውኃ በሳህንና በኩባያ ሲዞር፣ ከእናቴ እጅ ወጥቶ እሱ ዘንድ ሊደርስ ሲል ዞሮ ተመለሰ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሽማግሌው ዝቅታን ሲሰብክልን ከሁላችን ዝቅ ብሎ የተቀመጠውን ሰው አለማየቱ አበገነኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰባኪ ጋር የተጣላሁት ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

ዓመቱ እንዲሁ አለፈ። ወንድሜ ጉባኤ መግባት ተወ፤ ሰው ሲሰበሰብ ውጭ ሆኖ መንገዱን ይጠብቅልናል። የልብስ ሰፊውን ሚስት ቀና ብሎ ማየት አይችልም ነበር። እሷ በሳምንት በሳምንት ምሳ ዕቃ ይዛ እስር ቤት ትሄዳለች። ባሏን ማየት አይፈቀድላትም። ምግቡን ጠባቂዎቹ ይቀበሏትና ባዶውን ምሳ ዕቃ ይመልሱላታል፤ ባዶ ሆኖ መመለሱ በሕይወት አለ ማለት ነው። ስንቅ አቀባይ የነበረ ሁሉ ይህን ያውቃል። ምግቡ ሳይነካ ከተመለሰና «ከእንግዲህ አታምጪ» ከተባለች ሌላ መርዶ የለም፤ መርዶው እሱ ነው።

ሁለተኛው ገና ሲቃረብ ሽማግሌዎቹ መጥተው የአባቴ እገዳ እንዲያበቃ መስማማታቸውን ነገሩን። በልደት ቀን በጉባኤው ፊት ተነሥቶ የጌታን እራት ይቀበላል፣ መዝሙርም ይመራል። እናቴ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ነጩን ሸሚዙን አጥባ፣ ከሰል ካውያ ለምና ተኮሰችው። እኔም ተደሰትኩ። አባቴ ግን ሽማግሌዎቹን «እሷስ ምን አለች?» ብሎ ነበር የጠየቃቸው። የልብስ ሰፊውን ሚስት ማለቱ ነው። ትልቁ ሽማግሌ ጉዳዩ የጉባኤው እንጂ የእሷ እንዳልሆነ ነገረው። አባቴ «እንግዲህ» አለ።

የልደት ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰው በየሁለት እየሆነ ገባ። አባቴ ነጩን ሸሚዝ ለብሶ እንደ ልማዱ በሩ ጥግ ጫማ ይቀበላል። እናቴ ቀድማ ስፍራ ይዛለት ነበር፤ እሱ ግን «ሲጠሩኝ እመጣለሁ» አላት። የልብስ ሰፊው ሚስት ከሁሉም በኋላ መጣች። የበዓል ስንቅ አድርሳ ከእስር ቤት በቀጥታ መምጣቷ ነበር፤ ምሳ ዕቃው በእጇ ነው። አባቴ እጁን ዘረጋ። እንደ ሁልጊዜው ጫማዋን ራሷ አወለቀችና አልፋው ገብታ እናቴ አጠገብ ተቀመጠች። ጫማዋን ጭኗ ላይ፣ ምሳ ዕቃውን ጎኗ አደረገች። ፊቷ ምንም አይነበብበትም ነበር።

ስብከቱ አለቀ። ትልቁ ሽማግሌ ተነሥቶ ዳቦውን በእጁ ያዘና ወደ በሩ አየ።

«ወንድሜ፣ ና» አለው።

አባቴ ተነሥቶ ቆመ። እናቴ ያልፍ ዘንድ መንገድ ልትለቅለት ብላ የልብስ ሰፊውን ሚስት ምሳ ዕቃ ከመሃል ልታነሣው ያዘችው። አነሣችውና እጇ ቀጥ አለ። ከባድ ነበር። ሙሉ ነበር። እናቴ ምሳ ዕቃውን እንደ ያዘች ሴትዮዋን አየቻት፤ ሴትዮዋም አየቻት። ቤቱ ሁሉ ገባው። በዚያ ክፍል ውስጥ እስር ቤት ስንቅ አመላልሶ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። ከወዲያ አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። አባቴ ከቆመበት ተመልሶ ጫማዎቹ መሃል ቁጭ አለ።

«ወንድሜ» አለ ሽማግሌው እንደገና።

«አልችልም» አለ አባቴ። «ዛሬ አልችልም። እሱ ሞቶ እኔ አልበላም።»

ይኼኔ የልብስ ሰፊው ሚስት ተነሣች። ምሳ ዕቃውን ከእናቴ እጅ ወሰደችና በሰው ጉልበት መሃል እያለፈች ወደ በሩ ሄደች። አባቴ ፊት፣ ጫማዎቹ ላይ ማለት ይቻላል፣ ቁጭ አለች። ፊቷን ግን ወደ ሽማግሌዎቹ መለሰች።

«ልንገራችሁ» አለች። «ባሌ ቀበሌ ታስሮ ሳለ ነግሮኝ ነበር። ‹እጅህን አንሣ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ልጅ የለኝም እሱ ግን አለው፣ ለሽማግሌዎቹ ንገሪያቸው፣ እንዳይፈርዱበት› ብሎኝ ነበር። በምግብ ማቀበያው ቀዳዳ ነው የነገረኝ። አልነገርኳችሁም።»

ሬዲዮኑ ይዘፍናል። 

«ልጃቸውን በመንገድ ሳየው ያቃጥለኝ ነበር» አለች። «ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ይኸው። ባሌ የላከኝን ሳላደርስ ሞተ።»

ትልቁ ሽማግሌ ዳቦውን እንደ ያዘ አባቴን አየው። «ታዲያ አንተ ለምን አልተናገርክም?» አለው። «እንዲህ ብሎኝ ነው ማለት አቅቶህ ነው?»

«ብሎኛል» አለ አባቴ። «ለሚስቴ እነግራታለሁም ብሎኝ ነበር። ያነሣሁት ግን የእኔን እጅ ነው።»

ሴትዮዋ ዞራ አየችው። «ጋሼ» አለችው፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ጋሼ ስትለው መጀመሪያዋ ነው። «እንደማውቅ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«በመጣሁ ቁጥር ያውቁ ነበር?»

አባቴ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ረጥቦ ነበር።

እናቴ በኋላ አባቴ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ማለቱን እስክትሞት ድረስ ሞኝነት ትለው ነበር። እኔም ያን ቀን ሴትዮዋን ይቅር አላልኳትም። ሁለት ገና ሙሉ አባቴን በር ላይ ያስቀመጠችውን ሴት ደረቷን ይዤ ባወዛውዛት ደስ ባለኝ ነበር። ካለቀሰች በኋላ፣ ካረጀችም በኋላ፣ አባቴ ታሞ ሲተኛ እየመጣች እግሩን ስታጥብለት ሳይ ነው ቂሙ ቀስ በቀስ የለቀቀኝ። አሁን ሳስበው ግን አንድ ነገር ይገባኛል። አባቴ ያን ሁሉ ጊዜ እጁን የዘረጋው ጫማዋን ሊቀበል ብቻ አልነበረም። በሩን በከፈተላት ቁጥር እንድትናገር ይጠብቅ ነበር፤ ባትናገርም ይከፍትላት ነበር። አምልኮ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ይህን ነው የምነግረው፤ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ሴትዮዋ ምሳ ዕቃውን ከፈተችው። ለባሏ የሠራችው የበዓል ዶሮ ነበር፤ እንቁላሉም ሳይቀር እንዳደረገችው አለ፣ ወጡ ቀዝቅዞ ረግቷል። ከእንጀራው ቆርሳ ጠቀለለችና ወደ አባቴ አፍ አቀረበች። 

«ለእሱ አልደረሰለትም» አለችው። «እርስዎ ይብሉለት።»

 አባቴ አፉን ከፈተላት። ትልቁ ሽማግሌ ዳቦውን ይዞ ወደ በሩ መጣና አጠገባቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ ማዕዱ እዚያው በሩ ጥግ ሆነ። ለእስረኛ ማልቀስ ክልክል ስለ ነበር የልብስ ሰፊውን ለቅሶ አፋችንን በነጠላ ይዘን፣ ድምፅ ሳናወጣ፣ እስኪመሽ አለቀስንለት።